ሦስት ጊዜ አምስት እና አምስት ጊዜ ሦስት

በጋይንት ምድር፣ ዛሬ ደቡብ ጎንደር በሚባለው ዞን ውስጥ፣ ቤተ ልሔም የምትባል ደብር አለች። በስም ከይሁዳይቱ ቤተ ልሔም ጋር ሞክሼ ብትሆንም በአገራችን ሊቃውንት ዘንድ ስሟ የሚነሣው በድጓ ነው። ድጓን በየትም አገር የተማረ፣ የቱንም ያህል ዓመት የደከመበት ሰው በመጨረሻ ወደ ቤተ ልሔም ሄዶ ያስመሰክራል። ከዚያ ሳያስመሰክር የቀረው ዐዋቂ ይባል ይሆናል እንጂ የድጓ ምስክር መምህር ለመባል ይቸግረዋል። ዝማሬና መዋሥዕት በዙር አምባ፣ አቋቋም በጎንደር እንደሚመሰከር ሁሉ ድጓም በቤተ ልሔም ይመሰከራል።

ስለ ሒሳብ ለመጻፍ ብዕር አንሥተን በድጓ መጀመራችን አንዳንዱን አንባቢ ሳያስገርም አይቀርም። ምክንያታችን ይህ ነው። ድጓ ከሁሉ በፊት የቅደም ተከተል ትምህርት ነው። መጽሐፉ ከዘመን መለወጫ፣ ከዮሐንስ ተነሥቶ በዓላቱን እየተከተለ ዓመቱን ይዞራል። በፊደሉ ራስ ላይ የሚሰፍሩት ምልክቶች፣ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት የሚባሉትና ሌሎቹም፣ እያንዳንዳቸው ቦታ ቦታ አላቸው። የሚከተለው ቢቀድም፣ የሚቀድመው ቢከተል፣ አንድ ምልክት ሳይጎድል ዜማው ያ ዜማ መሆኑ ይቀራል። በመምህሩ ፊት ቆሞ «የኔታ፣ ቦታቸው ተለዋወጠ እንጂ ሁሉም እኮ አሉ» ብሎ የሚከራከር ተማሪ የለም። ቢኖርም የሚገጥመውን መልስ አንባቢ ይገምታል።

ይህ ዓይነቱ ትምህርት አገራችንን ለብዙ መቶ ዓመታት በማስታወስ ችሎታቸው የሚያስደንቁ ሰዎች ሲሰጣት ኖሯል። የምናከብረውም ስለዚህ ነው። ዳሩ ግን ያንኑ ልማድ ሳንመረምር ወደ ሒሳብ ክፍል አስገብተነዋል። የብዜት ሰንጠረዥ በብዙ ትምህርት ቤት የሚጠናው እንደ ዜማ ነው፤ «ሁለት ጊዜ አንድ ሁለት፣ ሁለት ጊዜ ሁለት አራት» እየተባለ፣ በአንድ ድምፅ፣ ከላይ ወደ ታች። ከመካከል አውጥተው «ስምንት ጊዜ ሰባትስ?» ብለው የጠየቁት ልጅ ከመጀመሪያው ተነሥቶ እያንጎራጎረ ወደዚያ ሲደርስ ያየ ሁሉ የምንለውን ያውቃል። ያ ልጅ ሰባት ጊዜ ስምንት 56 መሆኑን ባለፈው ሳምንት በቃሉ ብሏል። ስምንት ጊዜ ሰባት ግን ለእርሱ ሌላ ገጽ፣ ሌላ ዜማ ነው። ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ማንም አላሳየውም።

እንግዲህ ልንናገርለት የተነሣነው ሕግ ይኸው ነው፤ ሁለት ቁጥሮች ሲደመሩ ወይም ሲባዙ ቦታቸው ቢለዋወጥ ውጤቱ አይለወጥም። 7 ሲደመር 4 እና 4 ሲደመር 7 ሁለቱም 11 ናቸው፤ ሦስት ጊዜ አምስትና አምስት ጊዜ ሦስት ሁለቱም 15 ናቸው። እንዲያው ሲያዩት ቀላል ነው፤ ቀላል በመምሰሉም የተነሣ ሳይማሩት የሚያልፉት ብዙዎች ናቸው።

ቀላል አለመሆኑን ለመረዳት የቀደሙትን ሊቃውንት ማየት ይበቃል። ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ የነበረው ኤውክሊድ በታላቁ መጽሐፉ በሰባተኛው ክፍል፣ ሁለት ቁጥሮች አንዱ በሌላው ቢባዙ የሚገኙት ሁለት ውጤቶች እኩል መሆናቸውን እንደ ማናቸውም ከባድ ነገር በማስረጃ አረጋግጦታል። «ይህማ የታወቀ ነው» ብሎ አላለፈውም። ሕጉ ዛሬ በአውሮፓ ቋንቋዎች የሚጠራበትን ስም ያገኘው ደግሞ ፍራንሷ ዦዜፍ ሰርቧ የተባለ ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1814 ባወጣው ጽሑፍ ነው። ኤውክሊድ ማስረጃ ያስፈልገዋል ያለውን ነገር የዘጠኝ ዓመት ልጅ በቃል ብቻ እንዲቀበለው መጠበቅ ተገቢ ሆኖ አይታየንም።

ማስረጃው ሩቅ አይደለም። ጠዋት ጠዋት ተማሪዎች ለሰንደቅ ዓላማ ይሰለፋሉ። 48 ልጆች በስድስት መስመር፣ በያንዳንዱ መስመር ስምንት ስምንት ሆነው ቆመዋል እንበል፤ ስድስት ጊዜ ስምንት ማለት ነው። አስተማሪው «ወደ ቀኝ ዙር!» ይበል። ልጆቹ ከቆሙበት አንድ እርምጃ አልተነቃነቁም፤ የዞረው ፊታቸው ነው። አሁን በአዲሱ አቅጣጫቸው ሲታዩ ስምንት መስመር ሆነዋል፣ በየመስመሩም ስድስት ስድስት አሉ፤ ስምንት ጊዜ ስድስት። የመጣ የለም፣ የሄደ የለም። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል የሆኑበት ምክንያት ይህ ነው፤ አንዱን ሰልፍ ሁለት ሰው ከሁለት ወገን ቆሞ ቆጠረው፣ በቃ። ይህን አንድ ጠዋት ለማሳየት ጠመኔም መጽሐፍም አያስፈልግም። ከስድስትና ከስምንት ይልቅ ሌሎች ቁጥሮች ቢሆኑም ነገሩ ያው መሆኑን ልጆቹ ራሳቸው ይናገራሉ። (ቤተ ልሔምን ያዩ ሰዎች እንደሚያውቁት ቤተ ክርስቲያኑ ከውጭ ሲያዩት ክብ የሣር ክዳን ነው፤ ከውስጡ ግን አራት ማዕዘን የሆነ ጥንታዊ የድንጋይ ሕንፃ ተሸሽጓል። አራት ማዕዘኑን ወለል በርዝመቱ ተነሥቶ ቢሰፍሩት፣ በወርዱ ተነሥቶ ቢሰፍሩት ስፋቱ ያው ነው። ይህም ያንኑ ሰልፍ በድንጋይ እንደ ማየት ነው።)

እዚህ ላይ አንድ የገጠመንን ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። ከወዳጆቻችን አንዱ የልጁን የሦስተኛ ክፍል ደብተር አሳየን። ጥያቄው «አንዲት እናት ለ5 ልጆቿ ለእያንዳንዳቸው 3 ብርቱካን ብትሰጥ ስንት ብርቱካን ሰጠች?» የሚል ነው። ልጁ 5 × 3 = 15 ብሎ ጻፈ። አስተማሪው 3 × 5 ነው መጻፍ የነበረበት ብለው በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘውታል። ልጁ አለቀሰ፤ አባቱ ተናደደ፤ እኛም የትምህርት ቤቱን ስም መጥራት አያስፈልገንም፣ ምክንያቱም ይህ በብዙ ቦታ የሚደረግ ነው።

የአስተማሪው ሐሳብ ፈጽሞ ከንቱ ነው አንልም። አምስት ልጆች ሦስት ሦስት ብርቱካን ሲያገኙና ሦስት ልጆች አምስት አምስት ብርቱካን ሲያገኙ ነገሩ አንድ አይደለም፤ ልጆቹን ብትጠይቋቸው ልዩነቱን በደንብ ይነግሯችኋል። እኩል የሆነው የብርቱካኑ ብዛት ነው። ዳሩ ግን ጽሑፉ የቱን እንደሚያመለክት የሚወስነው ማን ነው? የገዛ ቋንቋችንን እንመርምር። 5 × 3 የሚለውን አንዱ «አምስት ጊዜ ሦስት» ብሎ ያነበዋል፤ ሦስቱ አምስት ጊዜ ተደጋገመ ማለት ነው። ሌላው «አምስት ሲባዛ በሦስት» ብሎ ያነበዋል፤ ያን ጊዜ የሚደጋገመው አምስቱ ነው፣ የሚደጋገመውም ሦስት ጊዜ ነው። ምልክቱ አንድ፣ ንባቡ ሁለት፣ ትርጉሙም ተገላቢጦሽ! ልጁ በመጀመሪያው ንባብ፣ አስተማሪው በሁለተኛው ንባብ ሁለቱም ትክክል ነበሩ። ስለዚህ ቀዩ መስመር የቀጣው ልጁ ሒሳብ ባለማወቁ ሳይሆን አስተማሪው የለመዱትን ንባብ ባለመገመቱ ነው። «ይህን በሥዕል አሳየኝ» ቢሉት ኖሮ፣ አምስት ልጅ ሥሎ በያንዳንዱ ሥር ሦስት ብርቱካን ቢያደርግ፣ ነገሩ በገባው ነበር፤ አስተማሪውም በእርግጥ ማወቃቸውን ባወቁ ነበር።

ቋንቋን ካነሣን ዘንድ ወደ መቀነስና ወደ ማካፈል እንለፍ፤ የልጆቻችን ስሕተት በብዛት የሚበቅለው ከዚያ ነውና። በአማርኛ «ከአሥር ሦስት ቀንስ» ብንል ወይም «ሦስት ከአሥር ቀንስ» ብንል ትእዛዙ አንድ ነው። ከየትኛው እንደሚቀነስ የሚነግረን «ከ» የምትለዋ ፊደል ናት እንጂ የቃሉ ቦታ አይደለም። እንደዚሁም «አሥራ ሁለት ብር ለአራት ሰው አካፍል» እና «ለአራት ሰው አሥራ ሁለት ብር አካፍል» አንድ ናቸው፤ ሥራውን የሠራችው «ለ» ናት። ወደ ጽሑፍ ምልክት ስንሄድ ግን «ከ»ም የለች፣ «ለ»ም የለች። 10 − 3 ሲጻፍ የትኛው ከየትኛው እንደሚቀነስ የሚናገረው ቦታው ብቻ ነው። «ሦስት ከአሥር ቀንስ» የሚለውን የሰማ ልጅ እንደሰማው ቅደም ተከተል 3 − 10 ብሎ ይጽፋል። እንደ ሰነፍ እንቆጥረዋለን፤ እርሱ ግን ያደረገው የሰማውን በታማኝነት መጻፍ ነው። በዚያ ላይ በመደመርና በማባዛት ቦታ መለዋወጥ እንደሚቻል በሕግ ተነግሮታል። ሕጉ ለምን እንደሚሠራ ስላላየ የት እንደማይሠራም አያውቅም። ባለ አሥሩ ላይ ሦስት ቢወሰድበት ሰባት ይተርፈዋል፤ ባለ ሦስቱ ላይ አሥር ቢወሰድበት ሰባት ዕዳ አለበት። ሰባት ብር በኪስ መኖርና የሰባት ብር ባለዕዳ መሆን ልዩነቱ ለማንም አይሰወርም።

የራሳችን አኀዝ ደግሞ የቦታን ነገር ከዚህ ይልቅ ግልጽ አድርጎ ያስተምራል። በግእዝ አኀዝ ፫፻ ሦስት መቶ ነው፤ ፻፫ ግን መቶ ሦስት ነው። ፳፻ ሁለት ሺህ፣ ፻፳ መቶ ሃያ። ትንሹ ቁጥር ከ፻ በፊት ከቆመ ያባዛዋል፣ ከኋላው ከቆመ ይደመርበታል። የንግግራችንም ሥርዐት ይኸው ነው፤ «ሦስት መቶ» እና «መቶ ሦስት» በሁለቱም ውስጥ ያሉት ቃላት ያው ሁለቱ ናቸው፣ የገንዘቡ ልዩነት ግን 197 ብር ነው። ቼክ የሚጽፍ ሠራተኛ ይህን ሳያስብም ያውቀዋል። አንድ ሰው ተነሥቶ «ታዲያ ቦታ የመለዋወጡ ሕግ ፈረሰ?» ቢል አልፈረሰም። ሦስት ጊዜ መቶም መቶ ጊዜ ሦስትም 300 ናቸው። የተለወጠው ቁጥሩ አይደለም፤ ቁጥሮቹ ቦታ ሲለዋወጡ ሳናየው በመካከላቸው ያለው ሥራ ከማባዛት ወደ መደመር ተለወጠ። ምልክቱ ስላልተጻፈ ቦታው ምልክት ሆኖ ያገለግላል። ለተማሪ ጥሩ ጥያቄ ቢፈለግ ከዚህ የተሻለ ከየትም አይመጣም፤ ሆኖም የሒሳብ አስተማሪዎቻችን የግእዝ አኀዝን ከሰዓትና ከመጽሐፍ ገጽ ያለፈ ጥቅም የሌለው አድርገው ሲተዉት እናያለን።

ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ውስጥ ቁጥር የሚሠራበት ክፍል አለ፤ እርሱም ባሕረ ሐሳብ ነው። በዓላትና አጽዋማት በየዓመቱ የሚውሉበት ቀን የሚወጣው በዚህ ነው። በ2018 ዓ.ም. እንሥራው። 5500 ላይ 2018 ሲደመር 7518 ዓመተ ዓለም ይሆናል፤ 2018 ላይ 5500 ቢደመርም ያው ነው። ይህ ለ19 ሲካፈል 395 ደርሶ 13 ይተርፋል፤ ይህ መደብ ይባላል። ለዘመኑ አንድ ሲተው 12 ይሆናል፤ ይህ ወንበር ነው። ወንበሩ በ11 ሲባዛ 132፣ በ30 እየተገደፈ ሲሄድ 12 ይተርፋል፤ አበቅቴ 12። ወንበሩ በ19 ሲባዛ 228፣ በ30 ሲገደፍ 18 ይተርፋል፤ መጥቅዕ 18። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ናቸው። ይህ የ2018 ዕድል አይደለም፤ 11 እና 19 ተደምረው 30 ስለሆኑ ወንበሩ በሁለቱ ሲባዛ የሚገኘው ድምር ሁልጊዜ ምሉዕ ምሉዕ ሠላሳ ነው።

አሁን የምንለውን ሕግ በዚህ ውስጥ እንፈልገው። አበቅቴ 11 የሆነው ፀሐይ በዓመት ከጨረቃ በ11 ቀን ስለምትበልጥ ነው፤ ስለዚህ በትርጉሙ 11 ቀን አሥራ ሁለት ጊዜ ተደጋገመ። በአእምሮው የሚያሰላ ሰው ግን 11ን አሥራ ሁለት ጊዜ አይቆጥርም፤ 12ን አሥር ጊዜ ወስዶ 120 ይላል፣ አንድ 12 ይጨምርና 132 ይላል። ትርጉሙ በአንድ በኩል፣ አሠራሩ በሌላ በኩል ሄደው አንድ ቦታ ተገናኙ። ለመጥቅዑም 12ን ሃያ ጊዜ ወስዶ 240፣ ከዚያ አንድ 12 አንሥቶ 228 ይላል። እዚያው ግን ሊገለበጥ የማይችል ነገርም አለ። ከመደቡ አንድ ተትቶ ነው የሚባዛው። መጀመሪያ ቢባዛና ኋላ አንድ ቢቀነስ፣ 13 ጊዜ 11 ማለት 143፣ አንድ ሲነሣለት 142፣ በ30 ሲገደፍ 22 ይሆናል። አበቅቴው በአሥር ሳተ ማለት ነው፤ ከዚያ የሚወጣው ጾምም በዓልም ይስታል። በአንድ ስሌት ውስጥ ቦታ ሥራ የሌለበትም፣ ቦታ ሁሉን የሚወስንበትም ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

ሊቃውንቱ የ11ን እና የ19ን አመጣጥ ሲተርኩ 12ኛውን የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ ድሜጥሮስን ያነሣሉ፤ ከሌሊቱ 23 ሱባዔ፣ ከቀኑ 7 ሱባዔ ገባ ይላሉ። ሱባዔ ሰባት ቀን ነውና 23 ጊዜ 7 ቀን 161 ይሆናል፤ በ30 ሲገደፍ 11። 7 ጊዜ 7 ደግሞ 49፤ በ30 ሲገደፍ 19። የመጀመሪያውን ሰባትን ሃያ ሦስት ጊዜ እየደመረ የሚደርስበት ጽኑ ሰው ይኖር ይሆናል፤ ሃያ ሦስትን ሰባት ጊዜ የሚወስድ ግን 140 እና 21 ብሎ በቅጽበት ይጨርሳል። ሁለተኛው ራሱ ከራሱ የተባዛ ስለሆነ መገልበጥም የለው።

በውጭ አገር የሒሳብ መጻሕፍት ደግሞ «የኢትዮጵያ ማባዛት» የሚል ስም የተሰጠው ዘዴ አለ፤ የጥንት ግብፆችም ተመሳሳዩን ይሠሩበት ነበር። አንዱን ቁጥር እያጋመሱ (ትርፉን እየጣሉ)፣ ሌላውን እያጠፉ ወደ ታች ይሄዳሉ፤ በግራ ሙሉ ያልሆነ፣ ማለት ጎዶሎ ቁጥር ባለበት መስመር ላይ ያለውን የቀኝ ቁጥር ብቻ ይደምራሉ። 7 እና 22ን እናባዛ። ሰባትን እያጋመስን ብንሄድ 7፣ 3፣ 1፤ በቀኝ 22፣ 44፣ 88፤ ሁሉም ይደመራሉ፣ 154። ሃያ ሁለትን እያጋመስን ብንሄድ 22፣ 11፣ 5፣ 2፣ 1፤ በቀኝ 7፣ 14፣ 28፣ 56፣ 112፤ የሚደመሩት 14፣ 28 እና 112 ናቸው፣ 154። መንገዱ ፈጽሞ የተለየ፣ መድረሻው አንድ ነው። ብልህ ነጋዴ ትንሹን ቁጥር በግራ ያኖራል፤ አምስት መስመር የሚሄደውን በሦስት ይጨርሰዋል።

«ይህን ሁሉ ለልጅ ከማስተማር በቃሉ ቢያጠና አይሻልም?» የሚሉን አይጠፉም። በቃል ማጥናትን አንቃወምም፤ በቤተ ልሔም ያደነቅነውን እዚህ ልንንቀው አንችልም። ነገር ግን ቁጥሩን እንመልከት። ከ1 እስከ 9 ያለው የብዜት ሰንጠረዥ 81 ቤት አለው። ቦታ መለዋወጥን ያወቀ ልጅ ማጥናት ያለበት 45 ብቻ ነው፤ የአንድን ረድፍ ማንም ስለማያጠናው ቢቀነስ 36 ይቀራል። እስከ 12 ያለው 144 ሲሆን እርሱ ወደ 78 ይወርዳል። ልጁ «ስምንት ጊዜ ሦስት» ጠፍቶበት ሲጨነቅ «ሦስት ጊዜ ስምንትስ?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። የቃል ጥናት የሚዳከመው በዚህ አይደለም፤ የሚዳከመው ግማሹ ትርፍ የሆነ ሸክም በማሸከም ነው። ድጓን እንዲህ ማሳጠር አይቻልም፤ የዜማው ጠባይ አይፈቅድም። የቁጥሩ ጠባይ ሲፈቅድ ግን እንዳልፈቀደ አድርጎ ማስተማር ትጋት አይባልም።

ሁሉ ነገር ቦታ ይለዋወጣል ማለት እንዳልሆነ ለማስረዳትም ወጥ ቤት ውስጥ መግባት ይበቃል። ቡና ተቆልቶ ይወቀጣል፤ ተወቅጦ የተቆላ ቡና ማን ጠጣ? በሒሳብም ውስጥ ቢሆን ማባዛት ሁሉ አይገለበጥም። አየርላንዳዊው ዊሊያም ሮዋን ሃሚልተን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1843 ኳተርኒየን የተባሉትን ቁጥሮች ሲያወጣ፣ በእነርሱ ዘንድ አንዱ በሌላው ሲባዛና ሌላው በአንዱ ሲባዛ ውጤቱ እንደሚለይ ታየ፤ የሒሳብ ሰዎችም ለረጅም ጊዜ ሳይጠይቁ የተቀበሉትን ሕግ እንደገና መረመሩት። ዛሬ እነዚህ ቁጥሮች በኮምፒዩተር ውስጥ የአንድን ዕቃ መዞር ለማስላት ያገለግላሉ፤ መጽሐፍን ወደ ፊት ደፍቶ ከዚያ ወደ ጎን ማዞርና መጀመሪያ ወደ ጎን አዙሮ ኋላ መድፋት አንድ አለመሆኑን አንባቢ ይህን ጋዜጣ ካስቀመጠ በኋላ በእጁ ሊሞክረው ይችላል።

ወደ መሥሪያ ቤት እንመለስ፤ ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ በዚያ የሚውሉ ናቸውና። የጥንት የሒሳብ ሠራተኞች የቁጥር ዓምድ ከላይ ወደ ታች ደምረው ሲጨርሱ ያንኑ ከታች ወደ ላይ ይደምሩት ነበር። ሁለቱ ካልገጠሙ አንድ ቦታ ስሕተት አለ ማለት ነው። ይህ ልማድ ቦታ መለዋወጥ ድምርን እንደማይለውጥ በመታመን የቆመ መቆጣጠሪያ ነው። 7፣ 38፣ 3፣ 62 ሲደመሩም 7ን ከ3፣ 38ን ከ62 አጋጥሞ 110 የሚል ሠራተኛ እርሳስ አያነሣም። በመቶኛም እንዲሁ ነው፤ የ50 ብር 8 በመቶ ስንት ነው ተብሎ የተጨነቀ ሰው የ8 ብር 50 በመቶ ቢል 4 ብር መሆኑን ወዲያው ያያል።

ነገር ግን እኩል ድምር እኩል ነገር የሚመስለው ሠራተኛ ይኖራል። 12 ሰው ለ5 ቀን፣ በቀን 200 ብር ቢቀጠር 12,000 ብር ነው። 5 ሰው ለ12 ቀን ቢቀጠርም 12,000 ብር ነው። በበጀት ወረቀት ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው። ሥራው ከክረምት በፊት መጠገን ያለበት የወንዝ መሻገሪያ ከሆነ ግን የአንድ ሳምንት ልዩነት አላቸው፤ ጎርፉ ደግሞ የበጀት ወረቀት አያነብም።

አንድ የመጨረሻ ምሳሌ ደግሞ እንጨምር፤ ይኸኛው በየቀኑ የሚገጥም ነው። አንድ ዕቃ 1,000 ብር ነው፤ ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ነው፤ ሻጩ 10 በመቶ ቅናሽ ሰጥቷል። ታክሱ ቀድሞ ቢሰላ 1,150፣ ከዚያ 10 በመቶ ሲቀነስ 1,035 ብር። ቅናሹ ቀድሞ ቢሰላ 900፣ ከዚያ ታክስ ሲጨመርበት 1,035 ብር። ገዢው የሚከፍለው አልተለወጠም፤ ሁለቱም ማባዛት ናቸውና ቦታ ይለዋወጣሉ። በደረሰኙ ላይ የተጻፈው ታክስ ግን በመጀመሪያው 150፣ በሁለተኛው 135 ብር ነው። ቅናሹ በመቶኛ ሳይሆን ቁርጥ 100 ብር ቢሆንስ? ቀድሞ ቢቀነስ 900 ላይ ታክስ ተጨምሮ 1,035 ብር፤ ኋላ ቢቀነስ 1,150 ላይ 100 ተነሥቶ 1,050 ብር። አሁን ገዢውም 15 ብር ለየበት፤ መቀነስና ማባዛት ቦታ ሲለዋወጡ እንደ ባሕረ ሐሳቡ መደብ ሌላ ቁጥር ይወልዳሉና። የትኛው እንደሚቀድም የሚወስነው ሕጉና ውሉ ነው። ከመስኮቱ ወዲህ የተቀመጠው ወጣት ሠራተኛ ግን ከመስኮቱ ወዲያ የቆመው ሰው «ይህች 15 ብር ከየት መጣች?» ሲለው «ማሽኑ ነው ያወጣው» ከማለት ሌላ መልስ ሊኖረው ይገባል።